የቡሬዋ ሶፕራኖ

«አዲሶቹ ዘፋኞች የድሮዎቹን አስንቀዋል፤ እኔ ደግሞ እማማ አይናለምን አስንቃለሁ!» አለች ያምሮት፣ ስልኳን ድንኳኑ ውስጥ ለተሰበሰቡት ሴቶች እያዞረች። ስልኩ ላይ አንዲት ወጣት የኦፔራ ዘፋኝ፣ ሶፕራኖ የሚሏት ባለ ቀጭን ድምፅ፣ ድምፅዋን ሽቅብ ትሰቅለዋለች። የያምሮት እህት ሰርግ ነገ ነበር። በቡሬ ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ሰርግ ያቀነቀኑት እማማ አይናለም ስልኩን አይተው «እስቲ ሞክሪያ፤ ከሆነልሽ ነገ የምታቀነቅኚው አንቺ ነሽ» አሏት።

ያምሮት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የሙሽራዋን ዘፈን እንደ ስልኳ ዘፋኝ ከድንኳኑ በላይ አወጣችው፤ ድምፅዋ አልሰነጠቀም፣ አልተንቀጠቀጠም። መንገድ ላይ የቆመው ባለባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠ። ከዚያ ሴቶቹ ዘፈኑን እንዲቀበሏት እጇን ዘርግታ ጠበቀች። አንዷ ልትከተላት ሞክራ ሳል ያዛት። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«አዩልኝ እማማ? በድንጋጤ ዝም አሉኮ!» አለች እየተፍለቀለቀች።

«ድምፅስ አለሽ፤ የኔን ሦስት እጥፍ ነው» አሉ እማማ አይናለም፣ ከበሮውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «ግን እዚያ ላይ ወጥቶ ማን ይቀበልሻል? እህትሽን ብቻሽን ልትድሪያት ነው?»