ተረኛው

ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሲያበቁ ጽዋውን አነሡና እንደ ልማዳቸው "በሉ፣ የሚቀጥለው ተረኛ ይነሣና ይቀበል" አሉ። የሚነሣ ጠፋ። ወጣቱ ምሳው አንገቱን ደፋ። የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እሱ ነበር፤ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ "የምመራችሁ እኔ አይደለሁ? ተከተሉኝ!" ብሎ ማኅበርተኛውን ሁሉ በፈቃደኝነት ያዘመተውም እሱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው በሕይወት የተመለሰው ግን እሱ ብቻ ነው። ዛሬ በጓደኞቹ ቦታ ጥቁር ለብሰው የተቀመጡት እናቶቻቸው ነበሩ።

"ተራውን እኔው ልድገመው፣ አባ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ እማማ ለተሥላሴ ጉልበታቸውን ይዘው ከጥግ ተነሡ። "የንጋቱ ተራ ነው። ስለ ልጄ እኔ እቀበላለሁ" አሉና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። ከዚያ መጥተው ምሳው ፊት ቆሙ። ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ፤ እንዲያውም ቢረግሙት ተመኘ።

"አይዞህ ልጄ፣ ማኅበሩ አይፈርስም" አሉት ቀስ ብለው። "በሚመጣው ወር ታናሹን በወንድሙ ቦታ ይዤልህ እመጣለሁ። አንተን እንዲከተል ነግሬዋለሁ።"