የቀዩ ትሪ ጨው

ትሪ ሁሉ የበላተኛውን የደም ግፊት ከጣቱ እንዲለይ ከተደረገ ወዲህ፣ ትርንጎ ከባሏ ከጌጡ ጋር አንድ ላይ በልታ አታውቅም። ጨው ያለው ምግብ በቀዩ ትሪ ይቀርባል፤ ግፊት ያለበት ሰው እጁን ከሰደደበት ይጮኻል። ስለዚህ ግፊት ያለባት እሷ ጨው ያልነካውን ሽሮ ከነጩ ትሪ ብቻዋን ትበላለች። ጌጡ ደግሞ ከቀዩ፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤታቸው ከዘርፌ ጋር።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ትላለች ዘርፌ፣ ጉርሻዋን ወደ ጌጡ አፍ እየላከች። ትርንጎ አንጀቷ ድብን ይላል።

ቅናቱ ሲብስባት ከቀዩ ትሪ ወጥ ላይ በየቀኑ ጨው ጨመር ታደርግ ጀመር። ሁለቱ ከምሳ በኋላ የሚሄዱትን የእግር ጉዞም «ፀሐዩ ይመታችኋል» ብላ አስቀረች።

«ትርንጌ፣ ሰሞኑን እጅሽ ጣፈጠ እኮ!» አላት ጌጡ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጌጡ እጁን ሲዘረጋ ቀዩ ትሪ ጮኸ። እሱ ክው ሲል፣ ትርንጎ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ፈገግ አለች። ከነጩ ትሪ ከጎኗ አስቀምጣው፣ ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቀለለችለት።

ጉርሻው አፉ ሳይደርስ ቀዩ ትሪ እንደገና ጮኸ።

«ወይኔ ጉዴ! እኔንም?» አለች ዘርፌ። በርጩማዋን አንስታ መጣችና በሁለቱ መሃል አስቀመጠችው። «ትርንጎዬ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ።»

ትርንጎ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ጠጋ አለችላት።