ከጣሪያው የወረደ ብርሃን

መቱ ላይ አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ጣሪያውን ለመፈተን ዝናብ አይጠብቅም። ቀትር ላይ በርና መስኮቱን ዘግቶ ጨለማው ውስጥ ይቆማል፤ ቆርቆሮው የተበሳ እንደሆነ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይወድቃል።

ጎንፋም እንዲሁ አደረገ። የደርግ አዋጅ ለአንድ ሰው ከአንድ ቤት በላይ ስለማይፈቅድ አንዴ ከፈረመ ሌላ መግዛት አይችልም፤ የሚኖሩበት የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ደግሞ የልጁን ደረት ጎድቶታል። ሻጩ ጋሼ ሽበሺ ቤቱን ሠርተው እንደጨረሱ ወደ ጎሬ ተዛውረው አንድ ሌሊት እንኳ አላደሩበትም።

ሚስቱ ዱሬቲ ሕፃኑን አዝላ በሩን ከውጭ ያዘችለት።

«ፈርተህ ክፈቺ ብትል አልከፍትልህም!» ብላ ሳቀች።

ወለሉ ላይ ጥቂት የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩት። በሬንጅ የሚደፈኑ ናቸው ብሎ ደስ አለው። ከጓዳው በር አጠገብ ያለችው ግን ወለሉ ላይ አልነበረችም። በሰው ደረት ልክ፣ ምሰሶ በሌለበት ቦታ፣ የሆነ ነገር ላይ አርፋለች።

«ጣሪያው እንዴት ነው?» አለች ዱሬቲ።

ሊመልስላት ሲል ብርሃኗ ወለሉ ላይ ወደቀች። ወደ እሱ ቀረብ ብላ የነበረችው ሌላዋ ደግሞ ከወለሉ ተነስታ ደረት ልክ ወጣች። ቀጥሎ እሷም ወረደች፤ ከእሷ ይልቅ ለእሱ የምትቀርበው ወጣች። ኮቴ አይሰማም።

ጎንፋ ወደ ኋላው ሸሽቶ በሩን በጀርባው ገፋ።

«ዱሬቲ፣ ክፈቺ!»

«አልከፍትም አላልኩህም?» አለች እየሳቀች፣ በሩን አጥብቃ ይዛ።

ጫማው ጫፍ ላይ የነበረችው ብርሃን ቀስ ብላ ከመሬት ተነሳች።