ከእህት የተቀዳ

ነርሷ ከሕሙማን መነጠያ ክፍሉ መስታወት ማዶ አውራ ጣቷን ቀና ስታደርግ ዎንሂ ከክፍሉ ጋር የሚያገናኛትን የውስጥ ስልክ አጥብቃ ያዘችው። ከእሷ መቅኒ ተቀድቶ ለታናሽ ወንድሟ ለቴሶክ የተሰጠው ነጭ የደም ሴል በሰውነቱ ውስጥ መራባት ጀምሯል ማለት ነው። የራሱ ሴሎች በሕክምናው አልቀው ያለ ጠባቂ በቆየባቸው ሳምንታት ሻጋታ ሳንባው ውስጥ ገብቶ የለውዝ ፍሬ የሚያህል ቁስል አብጅቶ ነበር።

«እታለም፣ ደምሽ እንዳንቺው ቁጡ ነው» አላት ቴሶክ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ። «ገና ከመግባቱ አጥንቴን ይቆረጥመኝ ጀመር።»

«ባለውለታህን አትስደብ። ስትወጣ በልደት ቀንህ እንደማደርገው የባሕር አረም ሾርባ እሠራልሃለሁ።»

«ጨው ብቻ አታብዢበት።»

ሳቀች። አጠገቧ የቆመው ሐኪም ግን አልሳቀም። ስልኩን በእጇ እንድትከድነው ጠየቃትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሻጋታው የተጣበቀው ትልቅ የደም ሥር ላይ ነው። ሴሎችዎ ሻጋታውን ሲበሉ የደም ሥሩንም አብረው ሊበሉት ይችላሉ፤ ያኔ ደም ማሳል ይጀምራል። የምንፈራው ይህን ሳምንት ነው።»

«ታዲያ ያስቁሟቸዋ።»

«ካስቆምናቸው ሻጋታው ይጨርሰዋል።»

ወደ መስታወቱ ስትዞር ቴሶክ ሶፍት አፉ ላይ ይዞ ያስላል። ሳሉ ሲተወው ሶፍቱን ገልጦ ትንሽ አየው። ከዚያ አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈውና መዳፉ ውስጥ ጨበጠው። በሌላ እጁ ስልኩን አነሳ።

«እታለም፣ ደክሞሻል» አላት ፈገግ ብሎ። «በይ አሁን ቤትሽ ግቢና ተኚ።»