በምላጭ የተቀደደው ካፖርት

«ይሄ ፊልም እንኳን ሊሸለም... ሊታይም አይገባውም ነበር።»

መነጽራሙ ሰውዬ ማይክራፎኑን ይዞ አልለቅ አለ።

የሲኒማ ቤቱ መብራት ከበራ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ተመልካቹ ግን በተሸላሚው የታሪክ ፊልም ላይ ክርክሩን አልጨረሰም...

ከኋላ ወንበር አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ከልጇ ጎን ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል። ቤቷ ገብታ ጋደም ማለት ነው ያማራት።

«ወታደሩ ጦርነቱ ላይ ካፖርቱ ተቀደደ፣ አይተናል» አለ መነጽራሙ። «እናቱ ደጅ ሲደርስ ግን ተሰፍቷል። ማን ሰፋለት? ጥይቱ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር የዚያ ዘመን ወታደር መርፌ ይዞ እንደማይዘምት አስረዱ። አንዲት ወጣት ደግሞ ምስጢሩ ስላልገባችሁ ነው ብላ ተሟገተች...

እናት መሬት መሬቱን አየች።

ካፖርቱን የሰፋችው እሷ ናት።

የዛሬ ሁለት ዓመት በፊልሙ የአልባሳት ክፍል ትሰራ ነበር። አንድ ጠዋት ካፖርቱን ከትከሻው ተቀዶ ማንጠልጠያ ላይ አገኘችው። ለቀረጻው ተብሎ በምላጭ እንደተቀደደ የነገራት የለም። እሷ ደግሞ የተቀደደ ልብስ አይታ ማለፍ አይሆንላትም... ቁጭ ብላ ሰፋችው። ያለቀውን የኪሱን ገበር ሳይቀር።

ቀትር ሳይሞላ አባረሯት።

ከዚያ ወዲህ ልጇ ነገር በተነሳ ቁጥር «ለአንድ ቡትቶ ብለሽ» ትላታለች። እናትም ስትጸልይ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር... «ጌታዬ፣ እውነት ሞኝ ነበርኩ?»

ዛሬም የልጅቷ መስሪያ ቤት ትኬት ባይሰጥ አይመጡም ነበር። ባልደረቦቿ ከፊት ተደርድረዋል። ለዚህ ነው የእናቷን ጉልበት ጫን አድርጋ የያዘችው።

«እማዬ... አደራ፣ ዝም በይ።»

«ምን እላለሁ ብለሽ ነው ልጄ... ደክሞኛል እኮ።»

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ተቀበለ። እሱም የሰለቸው ይመስላል።

«ልክ ናችሁ፣ ስህተት ነው» አለ። «ካፖርቱን የሰፋችውን ሴትዮ አባረርናት። ወታደሩ እናቱ ደጅ የሚደርስበትን ልንቀርጽ ስንል፣ መልሰን ልንቀደው ምላጭ ስናወጣ ተዋናዩ ለብሶት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ማንም የማያየው ገበር ሳይቀር ተሰፍቷል። ‹አትቅደዱት፣ የሚጠብቀኝ ሰው አለ› አለና አለቀሰ። ያ የተሸለመው ለቅሶ... ጽሁፉ ላይ አልነበረም።»

ዳይሬክተሩ ቀጠለ።

«ስሟን ፊልሙ ላይ ልናሰፍር ፈለግናት። ሁላችንም ግን ‹መርፌ› ነበር የምንላት... ስሟን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።»



ጉልበቷ ላይ የነበረው እጅ ላላ... ከዚያ ልጅቷ እጇን ወደ ላይ አወጣች።

እናት ቀስ አድርጋ አወረደችው።

«ተይው የኔ ልጅ። የጠየቅኩት ተመልሶልኛል... እንሂድ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች። ጃኬቷን አወለቀች። ገበሩ ከተቀደደ ወራት ሆኖታል፤ እናቷ ልስፋልሽ ባለቻት ቁጥር መልሷ «አትንኪብኝ» ነበር።

«እማዬ... ይቺን ትሰፊልኛለሽ?»

እናት ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ነገ» አለች። «ዛሬ ዓይኔ ደክሟል።»

ወገኖቼ... የእናት ልፋት ሲሰራ ሞኝነት ይመስላል። እኛ ዋጋውን የምናውቀው ቆይተን ነው። ፈጣሪ ግን የዚያኑ ዕለት ያየዋል።

እናንተስ... «አትንኪብኝ» ያላችሁት የማንን እጅ ነው? ኮመንት ላይ ንገሩኝ... ከመጻፋችሁ በፊት ግን ደውሉላት።