በውሃ ብቻ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ በአንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ። የፋብሪካ መርዝ የሰፈሯን ወንዝ ስለገደለው፣ መድኃኒት ያለ ምንም መርዛማ ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ ብቻ ካልሠራሁ ብላ ሙጭጭ አለች። ሙከራው ግን እንቢ አላት፤ አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይረጋል። ብልቃጡን «ምን በደልኩህ?» እያለች ስትነጫነጭ፣ ጓደኛዋ ትርሲት «ውሃው አልሰማ ካለሽ ጸበል ሞክሪበት» ትላታለች።

በስንት መከራ ተሳካላት።

«እሰይ እቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። መድኃኒቱን ከውሃው በምን ለይተሽ አወጣሽው?» አለቻት ትርሲት።

«በክሎሮፎርም ነዋ፣ በሌላ በምን ይወጣል?» አለችና ድንገት ወደ እግሯ ሥር አየች። ከጠረጴዛው ሥር የመርዝ ምልክት የሆነው የራስ ቅል ሥዕል የተለጠፈባቸው፣ ያገለገለ ክሎሮፎርም የሞላባቸው ጠርሙሶች ተደርድረው፣ ከብዛታቸው የተነሣ መሬቱ አይታይም ነበር።

አደራ ልጆቼ፣ ይችን ልጅ አትርሷት።