ለብ ያለው ሊፍተር

መካኒኩ በታናሽ ወንድሙ የውድድር መኪና ሞተር ላይ የሚገጥማቸውን ቫልቭ ከፋች ሮከር አርሞች መርጦ ጨርሷል። የቀሩት እነሱን ከስር የሚገፉት፣ ውስጣቸው ዘይት የሚይዙት ትንንሾቹ ሊፍተሮች ናቸው። አንድ ደካማ ሾልኮ ቢገባ ነገ ውድድሩ ላይ ሞተሩ ከነወንድሙ ጉድ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይፈትሻል።

አንዱ ለብ ብሎ ጠበቀው። ሲጫነው ዝልግልግ ያለ ዘይት ጣቱ ላይ ተፋ፤ ሽታው ሳይታጠብ ያደረ አፍ ነው።

«ኤጭ!» አለ።

ከኋላው ቆሞ የሚያየው ወንድሙ «እህ እህ» ብሎ ሳለ። «ዘይት የሚጸየፍ መካኒክ ገና አንተን አየሁ፣ ጋሼ።»

ደግሞ ተጫነው። ወንድሙም ደግሞ ሳለ። ጣቱን ሳያነሳ ቆየ፤ ከኋላው ትንፋሽ ጠፋ። ጣቱን ሲያነሳ ትንፋሹ ተመለሰ።

ሊፍተሩን ወደ ቆሻሻው ባልዲ ሊወረውር እጁን አነሳ።

«እሱን አትጣለው፣ ጋሼ» አለ ወንድሙ፣ ከከንፈሩ ጥቁር ዘይት እየጠረገ።